ግፊያው የጠባይ ጉድለት ነው ወይስ የስሌት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ በተዘጋጀ የጎዳና ሩጫ ለመሳተፍ ከወልድያ ተነሥተን ሄደን ነበር። የከተማውንም ሆነ የውድድሩን ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። አብረውን ከተጓዙት ተማሪዎች መካከል አንዲት የመርሳ ልጅ ነበረች። ከመነሻው መስመር ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቀን ቆመናል። ከኋላችን ሰው ይጨመራል፤ ከፊታችን የሚንቀሳቀስ የለም። ሩጫው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ልጅቷ ወደ እኛ ዞር ለማለት ሞከረችና አልቻለችም። «መምህር፣ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ» አለች። የቀለደች መስሎን ነበር። ወዲያው ግን የእኛም ክንዶች ከጎናችን ተጣብቀው አልነሣ እንዳሉ ተገነዘብን።

በዚያው ጊዜ ድምፅ ማጉያው ያለማቋረጥ ይጮኻል። «ወደ ኋላ በሉ! ሥነ ሥርዓት ይኑራችሁ!» ይላል። ከፊት ያሉት ሰምተው ወደ ኋላ ለመመለስ ሞከሩ። ከኋላ ያሉት ግን ትእዛዙ አልደረሳቸውም፤ የፊተኛው ሰው ሲነቃነቅ ባዩ ጊዜ ሩጫው የተጀመረ መስሏቸው ወደ ፊት ተጠጉ። በመካከል የነበርነው ከሁለቱም ወገን ተጨመቅን። ደግነቱ የመነሻው ተኩስ ተሰማና ሰዉ መፍሰስ ጀመረ። ተማሪያችን አንድ ጫማዋን ከማጣት በቀር ጉዳት አልደረሰባትም።

ወደ ወልድያ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ብዙዎቹ «ሕዝባችን ወረፋ አያውቅም፤ መጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ይማር» የሚል ፍርድ ሰጡ። ተማሪያችን ግን «እኔ ማንንም አልገፋሁም» አለች። ከጎኗ የተቀመጠውም «እኔም አልገፋሁም» አለ። አንድ በአንድ ተጠያየቅን፤ በመኪናው ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ገፍቻለሁ የሚል አንድም ሰው አልተገኘም። ታዲያ የገፋን ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ለዚህች ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። አስቀድመን አቋማችንን እንግለጽ፦ በእኛ እምነት በሩጫዎችና በታላላቅ ስብሰባዎች ላይ የሚያጋጥመው ግፊያ በአመዛኙ የሕዝቡ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የአዘጋጆች የስሌት ጉድለት ነው። ስሌቱም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙ የራቀ አይደለም።

ገፊ የሌለው ግፊያ

በመጀመሪያ እፍጋት የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ እንመልከት። ለሕዝብ ስንጠቀምበት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቆመው ሰው ቁጥር ማለት ነው። በካሬ ሜትር አንድ ሰው ሲሆን እያንዳንዱ እንደልቡ ይራመዳል። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆን እርምጃ ያጥራል። ከአራት በላይ ሲደርስ አካል ከአካል ይነካካል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ፍሩዊን ከብዙ አደጋዎች ጥናት ተነሥቶ እንደገለጸው፣ እፍጋቱ ወደ ሰባት ሲጠጋ ሕዝቡ ከግለሰቦች ስብስብነት ወጥቶ የፈሳሽን ጠባይ ይይዛል። በውስጡ የሚያልፈው ሞገድ ሰውን ከመሬት አንሥቶ ሜትሮችን ያህል ሊወስደው ይችላል፤ ጫማ ከእግር የሚወልቀውም በዚህ ጊዜ ነው። ተማሪያችን ያንን ጫማ እንዴት እንዳጣችው አሁን ግልጽ ይመስለናል።

ቀጥሎ ኃይልን እንመልከት። በጥብቅ የተጠጋጋ ሰልፍ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ብቻ ከፊቱ ባለው ላይ ጥቂት ይደገፋል እንበል። ይህ መደገፍ 50 ኒውተን ቢሆን፣ አምስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ደረት ላይ እንደማረፍ ያህል ነው፤ ማንም «ተገፋሁ» ብሎ አይቆጥረውም። ነገር ግን ሃያ ሰዎች አንዱ ከሌላው ኋላ ቢደገፉና ኃይላቸው ቢደመር፣ ከፊት ከአጥር ጋር የተጣበቀው ሰው 1,000 ኒውተን ይሸከማል፤ ይህም መቶ ኪሎ ግራም ደረት ላይ እንደተጫነ ያህል ነው። እርግጥ ሰበቃና የእግር መቋቋም ከዚህ የሚቀንሱት አለ። የነገሩ መሠረት ግን አይለወጥም፦ ሃያው ሁሉ «አልገፋሁም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ሃያ አንደኛው ግን መተንፈስ አቅቶታል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2022 በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ኢቴዎን በተባለው ሰፈር ለበዓል የወጣ ሕዝብ በአንዲት ጠባብ ቁልቁለት መንገድ ላይ ተጨናንቆ 159 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሚያሳድዳቸው አልነበረም፤ የተነሣ እሳትም አልነበረም። በእንዲህ ያለው አደጋ የሚሞተው ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ስለሚሳነው ነው፤ ቆሞ ሳለም ሊሞት ይችላል። ደቡብ ኮሪያውያን ወረፋ የማያውቁ ሕዝብ ናቸው የሚል ሰው ግን አልሰማንም።

ትእዛዝ ለምን ወደ ኋላ አይደርስም?

የማራቶን መነሻ ለፊዚክስ ሊቃውንት እንደ ቤተ ሙከራ ሆኖ ማገልገሉን ብዙ አንባቢዎቻችን ላያውቁ ይችላሉ። ኒኮላ ባን እና ዴኒ ባርቶሎ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በቺካጎ ማራቶን መነሻ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሯጮችን ከከፍታ ላይ ሆነው በካሜራ ቀርጸው ነበር። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታትሟል። በዚያ ውድድር አስተናጋጆች በሯጮቹ ፊት ተሰልፈው ቆመው ጥቂት ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ ሯጮቹን አንድ በአንድ ከመከታተል ይልቅ መላውን ሕዝብ እንደ ወራጅ ፈሳሽ ቆጥረው ፍጥነቱን ለኩ።

ያገኙት ነገር የሚያስደንቅ ነው። ከፊት ያሉት ሲንቀሳቀሱ ወይም ሲቆሙ ለውጡ እንደ ሞገድ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ፣ በሰከንድ ከአንድ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ፍጥነት፣ ሳይዳከም እስከ ሰልፉ መጨረሻ ይጓዛል። የአቅጣጫ ለውጥ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች ወደ ጎን ቢያዘነብሉ ዝንባሌያቸው ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል። በሌላ አነጋገር ሕዝብ «ሂድ» እና «ቁም» የሚሉትን ቃላት ከአካል ወደ አካል ያስተላልፋል፤ «ዙር» የሚለውን ግን አያስተላልፍም።

ይህን ይዘን ወደ ድምፅ ማጉያው እንመለስ። ሃምሳ ሜትር ርዝመት ባለው ሰልፍ ውስጥ ከፊት የተነሣው የመቆም ሞገድ መጨረሻው ዘንድ ለመድረስ አርባ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በእነዚያ አርባ ሰከንዶች ውስጥ ከኋላ ያለው ሰው መጠጋቱን ይቀጥላል። ከዚህም በላይ ሰውን ወደ ኋላ ማስመለስ የአቅጣጫ ለውጥ ስለሆነ ከፊት በሚነገር ትእዛዝ አይሆንም። የሚቻለው ከኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ መግታት ነው። እንግዲህ አስተናጋጅ መቆም ያለበት ከሕዝቡ ፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላም ነው፤ ድምፅ ማጉያም በየሃምሳ ሜትሩ ያስፈልጋል። በዚያን ዕለት የነበረው ማጉያ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከፊት።

የባርቶሎ የምርምር ቡድን በስፔን ከተማ በፓምፕሎና የበዓል ሕዝብ ላይ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2025 በታተመው ጥናቱ ደግሞ፣ እፍጋቱ በካሬ ሜትር አራት ሰው ገደማ ሲያልፍ ሕዝቡ ማንም ሳያዝዘው በራሱ እየተወዛወዘ መዞር እንደሚጀምር አሳይቷል። ስለዚህ አራት የሚለውን ቁጥር አንባቢዎቻችን በቃል እንዲይዙት እንመክራለን። ከዚያ በላይ ሕዝቡ የግለሰብ ፈቃድ የሚገዛው መሆኑ ያበቃል።

ማሽላና ሯጭ

በሀብሩ ወረዳ ያደገ ተማሪ ማሽላን እናስተዋውቅህ ብንለው ይስቅብናል። ይሁንና አንድ ነገር ልብ ብሎ ያየ እንደሆነ እንጠይቀው። ከማዳበሪያ ከረጢት ማሽላ በጠባብ ቀዳዳ ስታፈስስ አንዳንድ ጊዜ ፍሰቱ በድንገት ቀጥ ይላል። ቀዳዳው ላይ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቅስት ይሠራሉ። ከላይ ብትጫነው ቅስቱ ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ አይፈርስም። ከረጢቱን ቀስ አድርገህ ብትነቀንቀው ግን ይፈስሳል።

ዲርክ ሄልቢንግ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት ይህንኑ በሰው ላይ በኮምፒዩተር ስሌት አሳይቷል። በጠባብ በር ለመውጣት ሁሉም ሲቸኩል፣ በጠቅላላው የሚወጣው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። መቸኮል ያዘገያል ማለት ነው። አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት በፊዚክስ ቋንቋ ሲነገር ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ሯጩ የሚቸኩልበትን ምክንያት ማስወገድ ይገባል። ሯጭ ወደ መነሻው መስመር የሚጋፋው ሰዓቱ ለሁሉም ከተኩሱ ጀምሮ ስለሚቆጠር ነው፤ ከኋላ የቆመ ሰው መስመሩን ሳይረግጥ ደቂቃዎች ያልፉበታል። በጫማ ወይም በደረት ቁጥር ላይ የምትታሰረው ቺፕ ይህን ፈትታለች። በአብዛኛው ባትሪ የላትም፤ በመስመሩ ላይ ያለው አንቴና የሚፈጥረው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በቺፕዋ ጥምጥም ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ያስነሣል፤ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። በዚህች ኮረንቲ ቺፕዋ መለያ ቁጥሯን ትናገራለች። የእያንዳንዱ ሯጭ ሰዓት መስመሩን ከረገጠበት ቅጽበት ስለሚቆጠር መጋፋት ጥቅም ያጣል። ቺፕ ለመግዛት አቅም የሌለው አዘጋጅ እንኳ ሯጮችን በየምድባቸው ከፍሎ፣ ለየምድቡ የተለየ የመነሻ ሰዓት በመመዝገብ ተመሳሳይ ውጤት ሊያገኝ ይችላል።

ከአሥር ሺህ ወደ አርባ ሺህ

ከላይ ካነሣነው ውድድር ጋር ግንኙነት ባይኖረውም፣ ስለ ሕዝብ ሩጫ ስንናገር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ መሥራችነት በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር የተሳታፊዎቹ ቁጥር 10,000 ነበር፤ የመጀመሪያውንም ውድድር ያሸነፈው ኃይሌ ራሱ ነው። በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ከ40,000 በላይ ሆኗል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላልፎ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ውድድር ግን ወደ 12,500 ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነበር። ቦታ የሚወስነው ቁጥር እንጂ ቁጥር የሚወስነው ቦታ አለመሆኑን ያ ዓመት በግልጽ አስተምሯል ማለት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የሰው ፍሰት ማለት እፍጋት ሲባዛ በፍጥነት ሲባዛ በመንገዱ ስፋት ነው። በመነሻው መስመር ላይ እፍጋቱ በካሬ ሜትር 1 ሰው፣ የእርምጃው ፍጥነት በሰከንድ 1.3 ሜትር፣ የመስመሩ ስፋት 20 ሜትር ይሁን። ፍሰቱ በሰከንድ 26 ሰው ይሆናል። 40,000 ሰው መስመሩን አልፎ ለመጨረስ 1,540 ሰከንድ፣ ማለትም 26 ደቂቃ ገደማ ያስፈልገዋል። ይህን ጊዜ ማንም በጩኸት አያሳጥረውም። ማሳጠር የሚቻለው ስፋቱን በመጨመር ነው፤ ካልሆነም ሰዉን በምድብ ከፍሎ ሁሉም ተራውን በሰፊ ቦታ እንዲጠብቅ በማድረግ ነው። በኒውዮርክ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር 127 ሰዎች ብቻ ነበሩ የተነሡት፤ ዛሬ ከ50,000 በላይ ሰው የሚሮጠው በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ሳይሆን በየምድቡ ተከፋፍሎ ስለሚነሣ ነው።

በአዲስ አበባው ሩጫ የሚሳተፉ ሰዎች ስሜት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚመጣው ለጨዋታ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ እየዘፈነ ይሄዳል። ሌላው ለሰዓት ይመጣል፤ ከፊቱ የተያያዙትን ማለፍ ስላልቻለ ይበሳጫል። ሁለቱም መብታቸው ነው፤ ጥፋቱ ሁለቱን በአንድ ሰልፍ ማቆሙ ላይ ነው። የፈጠነው ከዘገየው በፊት እንዲነሣ ከተደረገ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየደቂቃው እየሰፋ ይሄዳል፤ ተቃራኒው ከሆነ ግን ግጭቱ እስከ መድረሻው ይቀጥላል።

መርሳና ወልድያ

ከመርሳ ወጣ ብሎ ተነሥቶ፣ ስሪንቃን አልፎ፣ ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ከ25,000 በላይ መቀመጫ ባለው ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም የሚያበቃ ግማሽ ማራቶን በሐሳባችን እናዘጋጅ። ርቀቱ 21.0975 ኪሎ ሜትር፣ የሯጮቹ ቁጥር 5,000 ይሁን። መንገዱ በጥቅሉ ሽቅብ ስለሆነና የመርሳ አካባቢ ሙቀት ስለሚያይል በማለዳ መነሣት ግድ ነው።

አስፋልቱ 7 ሜትር ስፋት አለው እንበል። በመነሻው በካሬ ሜትር ከ2 ሰው በላይ እንዳይቆም ብንወስን 2,500 ካሬ ሜትር ያስፈልገናል፤ ይህም በመንገዱ ላይ 357 ሜትር ርዝመት ነው። ፍሰቱ በሰከንድ 9 ሰው ያህል ስለሚሆን የመጨረሻው ሯጭ መስመሩን የሚረግጠው ከ9 ደቂቃ በኋላ ነው። በሦስት ምድብ ብንከፍለው ግን እያንዳንዱ ምድብ 119 ሜትር ብቻ ይይዛል፤ በ3 ደቂቃ ገደማም አልፎ ያበቃል።

ወደ ውኃ እንሂድ። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ 5,000ው ሯጭ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢያልፍ በአማካይ በሰከንድ 2.8 ሰው ይሆናል፤ ጥድፊያው በሚበረታበት ጊዜ እጥፉን እንውሰድ። አንድ አዳይ በሁለት ሰከንድ አንድ ኩባያ ቢሰጥ 12 አዳዮች ያስፈልጋሉ። ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከቆሙ ግን ሯጩ ስለሚቆም መንገዱ ይዘጋል፤ በሁለቱም ዳር በረጅሙ መሰለፍ አለባቸው።

ከሁሉ የከፋው ቦታ መነሻው ሳይሆን መድረሻው ነው። ሯጭ መስመሩን ሲያልፍ ይቆማል፤ ሜዳሊያ ይቀበላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በሰከንድ 2 ሰው ቢደርስና 1 ሰው ብቻ ቢያልፍ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ 600 ሰው ይጠራቀማል። ከመስመሩ በስተጀርባ የተከለለው ቦታ 7 ሜትር በ20 ሜትር ከሆነ እፍጋቱ በካሬ ሜትር 4.3 ይደርሳል። በቃል እንድትይዙት የጠየቅናችሁን ቁጥር አለፍን ማለት ነው፤ በአሥር ደቂቃ ብቻ፣ ማንም ሳይጋፋ፣ ሁሉም ፈገግ እያለ። መፍትሔው ሜዳሊያውን ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ከመስመሩ መቶ ሜትር አርቆ መስጠት ነው። ይህ አንድ ብር አያስወጣም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ይህ ሁሉ መለኪያና አጥር የሕዝቡን ደስታ ያደበዝዛል» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ስሜታቸውን እንረዳለን፤ ሰው ወደ ሩጫ የሚመጣው ከሰው ጋር ለመሆን ነው። ነገር ግን መተንፈስ ያቃተው ሰው አይዘፍንም። በካሬ ሜትር ሁለት ሰው ማለት ለመዝፈንም ለመጨፈርም የሚበቃ ቅርበት ነው።

ሌሎች ደግሞ «እኛ አገር ስሌት አይሠራም፤ ሰዉ አይታዘዝም» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከጎረቤታችን አምባሰል፣ መግቢያዋ አንድ ብቻ ወደሆነው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለዒድ ሶላት የሚወጣው ሕዝበ ሙስሊም ትከሻ ለትከሻ ሆኖ የሚሰለፈው ማንም ሳይቆጣው ነው። ሰልፉ የት እንደሚጀምር፣ መንገዱ በየት እንደሆነ ያወቀ ሕዝብ ይታዘዛል። ያላወቀ ሕዝብ አልታዘዘም ብሎ መውቀስ ፈተናውን ያላስተማሩትን ተማሪ በመጣሉ እንደመቅጣት ነው።

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወስደው ይህ መንገድ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ፣ ልጁን አዝሎ ከቀዬው የሚሸሽ ሕዝብ ሲተምበት አይተናል። ያንኑ መንገድ አንድ ቀን ለደስታ የሚሮጥ ሕዝብ ሞልቶት ለማየት እንመኛለን። ያ ቀን ሲመጣ ሰው ከቤቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም የሚመለስበት መሆን አለበት።

ስለዚህ ማንኛውም አዘጋጅ ሩጫ ከመጥራቱ በፊት ሦስት ቁጥሮችን አስልቶ ለሕዝብ እንዲገልጽ እንጠይቃለን፦ የመነሻው ቦታ በካሬ ሜትር ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ መስመሩ በሰከንድ ስንት ሰው እንደሚያሳልፍ፣ መድረሻውም በሰከንድ ስንት ሰው እንደሚያስወጣ። ሦስቱን ሳያውቅ የተሳትፎ ቲሸርት የሚሸጥ አዘጋጅ ገንዘብ እንጂ ኃላፊነት አልተቀበለም።

ለተማሪ አንባቢዎቻችንም አንድ የቤት ሥራ አለን። በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ወይም ከስታዲየም ሕዝብ ሲወጣ፣ ከፍ ያለና አስተማማኝ ቦታ ላይ ቁሙ። የበሩን ስፋት ገምቱ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚወጣውን ሰው ቁጠሩ፤ ለስፋቱ አካፍሉት። ያገኛችሁትን ጻፉልን። ያቺ ጫማዋን ያጣች ተማሪያችን ይህን ሥራ ጀምራለች፤ በመጀመሪያ የለካችው የመርሳን መናኸሪያ በር ነው።